ጋዝ አያልቅም

«ጋዙ አልቆ ነው፤ ሙላልኝና ልሂድ።»

የፍሪጅ ጥገና ቤት ደጃፍ ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ይህችን ሳይሰማ አይመለስም። ባለንብረቷ ትላታለች፣ ፍሪጁን ተሸክሞ ያመጣው ወዛደር ይላታል፣ ይባስ ብሎ ጠጋኙም ይላታል። ከዚያ ጌጅ ይሰካል፣ ጋዝ ይገባል፣ ፍሪጁ ይቀዘቅዛል፣ ሒሳብ ይከፈልና ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው ፍሪጅ በዚያው ወዛደር ጀርባ ተመልሶ ይመጣል።

ወዳጆቼ፣ የፍሪጅ ጋዝ አያልቅም! ቤንዚን አይደለም፣ እየተቃጠለ አይሄድም። ኮምፕረሰሩ ጨምቆ ይገፋዋል፤ ከጀርባ ባለው ኮንደንሰር ሲያልፍ ሙቀቱን አራግፎ ፈሳሽ ይሆናል፤ በቀጭኗ ካፒላሪ ሾልኮ ፍሪዘሩ ውስጥ ሲደርስ ግፊቱ ይወርድለትና ይፈላል፤ ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት ከሥጋውና ከወተቱ ይወስዳል፤ ከዚያ ኮምፕረሰሩ መልሶ ይስበዋል። ዙሩ የተዘጋ ነው። ካልተበሳና ብየዳው ካልሳሳ፣ ፋብሪካ የሞላለትን ጋዝ ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ሊሠራ ይችላል። ጋዝ ጎደለ ማለት አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ስለ ስኬት ከተጻፉት መጻሕፍት ስንቱን አንብቤ ይሆናል፤ የዚህን ሐቅ ያህል ያነቃኝ ግን ጥቂት ነው። «በራስህ እመን» የሚል ምክር ቀዳዳ አያገኝም። የሳሙና አረፋ ግን ያገኛል። በዚህ ሙያ ዕድሜ ልኩን ጋዝ ሲሞላ በሚኖረውና አድጎ ሆቴልና ሆስፒታል በሚጠራው ሰው መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ጥያቄ ናት፤ «የት ሄደ?» የምትለዋ። ይህችን ጥያቄ ለመጠየቅ ካፒታል አያስፈልግም፣ ዘመድም አያስፈልግም። ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ።

አንድ የማውቀው ጠጋኝ ልጅ አለ። አንዲት ጭማቂ ቤት ያላቸው እናት ፍሪጃቸው አልቀዘቅዝ ብሏቸው አስጠሩት፤ እኔም እዚያው አቮካዶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ጌጁን አውጥቶ ተመለከተና መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

«ማዘር፣ አሁን ብሞላልዎት ገንዘብዎን መብላት ነው። መጀመሪያ የሚያፈስበትን ልፈልግ።»

«ኧረ ተው ልጄ! ያኛው እኮ በአሥር ደቂቃ ሞልቶልኝ ነው የሄደው።»

«እሱ ሞልቶልዎት ቢሆን ኖሮ እኔን መቼ ይጠሩኝ ነበር?»

ሴትዮዋ ሳቁ፤ ፈቀዱለት። የቀረችውን ጋዝ ወደ ሲሊንደር ሰብስቦ ናይትሮጂን ከተተበት። ከዚያ በቢላ ጫፍ የቆረጣትን ቁራጭ ስፖንጅ የወፈረ የሳሙና አረፋ ውስጥ እየነከረ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይቀባ ጀመር። አይቸኩልም። ይቀባና ይጠብቃል፤ በስልኩ መብራት ጠጋ ብሎ ያያል፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እኔ በበኩሌ የሆነ ነገር ፉሽ ብሎ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ፊልተሩ ከካፒላሪው ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል አረፋ ብቅ አለች። ጠፋች፣ ደግሞ ብቅ አለች። ልጁ ቀና ብሎ «መጥተው ይዩዋት ማዘር፣ ገንዘብዎን ስትበላ የኖረችው እሷ ናት» አላቸው። መነጽራቸውን አድርገው መጡና አዩዋት!

ያን ቀን የከፈሉት ከጋዝ መሙያው ብዙ እጥፍ ነበር፤ ቅር ሲላቸው ግን አላየሁም። ሰው ቀዳዳውን በዓይኑ ካየ በኋላ ዋጋ አይከራከርም። ይህን የንግድ ትምህርት ቤት ከሚያስተምረው ትምህርት አልለየውም፤ ደንበኛ የሚከፍለው ለገባው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ደኅንነት ማንሳቴ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ያ ልጅ ያሳየን ትዕግሥት ሌላም ጥቅም አለው። በሕይወት ያቆያል። ናይትሮጂን ለምን እንደተጠቀመ ልብ በሉ። ብዙ ጠጋኝ ዘንድ የመበየጃው ኦክስጂን እጅ ሥር ነው፤ «ያው አየር አይደል» ብሎ እሱን ለመክተት ያምራል። ኦክስጂን በግፊት ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ እሳት መለኮስ እንኳ አያስፈልግም። በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። ናይትሮጂን ግን ከምንም ጋር አይጣላም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት 150 ባርና ከዚያም በላይ ስለሚሆን ሬጉሌተር ሳይገጠምለት ግን አይከፈትም። ስትበይዱም በቱቦው ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ብታደርጉት፣ የመዳቡ ውስጥ አይጠቁርም፤ ያ ጥቁር ቅርፊት ነው በኋላ ተሰባብሮ ካፒላሪውን የሚደፍነው። ጋዝ ያለበትን ሲስተም ደግሞ በእሳት አትንኩት። እንደ አር-22 ያሉ ክሎሪን ያለባቸው የድሮ ጋዞች ነበልባል ሲያገኛቸው ፎስጂን ያወጣሉ፤ ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተፈጀበት መርዝ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አበው፤ በዚህ ሙያ የቸኮለ የሚለቅመው ላይኖረው ይችላል።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። በኛ አገር አንድ የተለየ ወጥመድ አለ፤ «መብራት ሄዷል» ብሎ መሥራት። ሠፈሩ ጨልሟል፣ ሞተሩ ዝም ብሏል፣ እንግዲህ ምን ይመጣል ተብሎ ሶኬቱ ሳይነቀል የሪሌዩ ክዳን ይከፈታል። መብራት ሲመጣ ግን በር አያንኳኳም። እጃችሁ ባለበት 220 ቮልት ይዞ ይገባል። ስለዚህ ሶኬቱ ተነቅሎ ዓይናችሁ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኤሲ ከሆነ ብሬከሩን አውርዱና ከተቻለ በቁልፍ ቆልፉት፤ ካልተቻለ «ሰው እየሠራ ነው፣ እንዳታበሩ» ብላችሁ ለጥፉበት። ለጥበቃውም በቃል ንገሩት፤ ብሬከር ወርዶ ሲያይ «ማን አጠፋው» ብሎ የሚያነሳ ቅን ሰው አይጠፋም።

ከዚያ ቴስተር። ቴስተሩን አስቀድማችሁ መብራት ባለው ሶኬት ሞክሩት፤ ቀጥሎ የምትሠሩበትን ለኩ፤ መልሳችሁ ደግሞ ያንኑ ሶኬት። ባትሪው የሞተ ቴስተር «መብራት የለም» ብሎ ይዋሻልና። ካፓሲተሩንም አትርሱ፤ መብራቱ ከተቋረጠ በኋላም የያዘውን ይዞ ይቆያል። ብዙዎች በካቻቢቴ ሁለቱን ጫፍ አገናኝተው ጷ! ሲል ይስቃሉ። ባይስቁ ጥሩ ነው። ዓይን የጠፋው፣ ካፓሲተሩም የተበላሸው በዚህ ነው። በሪዚስተር ቀስ ብሎ ይፈስሳል፤ ፈስሶ ማለቁን ቴስተሩ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ወደድኩት ነገር ልግባ። አዲስ አበባ ላይ ቫኪዩም ፓምፕ ገዝቶ «ተሸወድኩ» ያለ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ! ጌጁ ላይ ከዜሮ በታች 30 ኢንች ድረስ ተጽፏል፤ ፓምፑ ግን ሰዓት ሙሉ ቢሠራ መርፌው 22 ወይም 23 አካባቢ ደርሶ ፍንክች አይልም። ይህን ጊዜ ፓምፑ ይሰደባል፣ ሻጩ ይሰደባል፣ ቻይና ትሰደባለች። ፓምፑ ግን ደህና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በላያችን ያለው አየር ክብደቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጌጁ የሚለካው ደግሞ በውስጥና በውጭ ያለውን ልዩነት ነው። ምንም ያልቀረበት ባዶ ቱቦ እንኳ እዚህ ከ22 ተኩል ኢንች ገደማ አይወርድም። ቡናችን ከ100 ዲግሪ በታች፣ 92 አካባቢ ላይ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ገንዘብ ነው። ስልክ ላይ የምታዩት ቪዲዮ አብዛኛው የተቀረጸው ባሕር አጠገብ ባለ አገር ነው። ያኛው ጠጋኝ «አር-134ኤ ስትሞሉ ሳክሽኑን አንድ ፒኤስአይ ላይ አቁሙት» ቢላችሁ እሱ ለራሱ አገር ልክ ነው። ያው ጋዝ ያው ሁኔታ ላይ ሆኖ አዲስ አበባ ጌጁ ወደ አራት ተኩል ያሳያል፤ ልዩነቱ ሦስት ተኩል ፒኤስአይ ገደማ ነው። አንድ ላይ ካቆማችሁት ፍሪጁ ጋዝ ጎድሎት ይሄዳል፣ ደንበኛው ይመለሳል፣ እናንተም «የኔ እጅ አይባረክም» ትላላችሁ። እጃችሁ ምን አደረገ? መፍትሔው ሚዛን ነው። የፍሪጁ ጀርባ ላይ የጋዙ ዓይነትና መጠኑ በግራም ተጽፏል፤ በዲጂታል ሚዛን መዝናችሁ ያንኑ ክተቱ። ግራም ደብረ ብርሃንም ሰመራም ያው ግራም ነው። ቫኪዩሙንም በማይክሮን በሚለካ ዲጂታል ጌጅ እስከ 500 ድረስ አውርዱና ፓምፑን ዘግታችሁ ተመልከቱ፤ ቁጥሩ ተመልሶ ካሻቀበ ወይ እርጥበት አለ ወይ ያልተገኘ ቀዳዳ አለ። የመጀመሪያ ትርፋችሁን ጫማ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ሚዛኗን ግዙ።

ሚዛን አዲሶቹ ፍሪጆች ላይ ደግሞ የግድ ሆኗል። ዛሬ ከሚገቡት የቤት ፍሪጆች ብዙዎቹ አር-600ኤ የያዙ ናቸው፤ ይህ አይሶቡቴን የሚባለው፣ የማብሰያ ጋዝ ዘመድ ነው። ለከባቢ አየር ደግ ነው፤ ለግዴለሽ ግን አይደለም። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 80 ግራም ቢሆን ነው። «ይቺን ታህል ምን ታመጣለች?» እንዳትሉ። 50 ግራም ወጥቶ ሲበተን 20 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፤ ከዚያ አራት ሊትሩ ብቻ 200 ሊትር በሚይዝ የተዘጋ ፍሪጅ ውስጥ ቢጠራቀም፣ የቴርሞስታቷ ብልጭታ በሩን ነቅላ ለመወርወር ትበቃለች። አየር ውስጥ 1.8 በመቶ ሲደርስ ይቀጣጠላልና። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። እንደ ቤት ሲሊንደር ጋዝ የሚሸት ነገር አልተጨመረበትም፤ አፍንጫችሁን አትመኑ። እንዲህ ያለውን ፍሪጅ ደጅ አውጥታችሁ፣ ከሲጋራና ከከሰል ምድጃ አርቃችሁ ሥሩት፤ ቱቦውን በእሳት ከማቅለጥ በመቁረጫ ቁረጡት፤ ጋዙ ተጠርጎ በናይትሮጂን ሳይታጠብ ችቦ አይቅረብ። የማብሰያ ጋዝ ከሲሊንደር ቀድቶ ፍሪጅ ውስጥ የሚከት ሰው ካያችሁም ንገሩት፤ ያ ጋዝ ድብልቅ ነው፣ እርጥበት አለው፣ የሚሸት ነገርም ተጨምሮበታል።

ርካሽ ጋዝም ሌላው ፈተና ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች በጥገና ላይ እያሉ ፈንድተው የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ምክንያቱ ሲጣራ አር-134ኤ ተብሎ የተሸጠው ጋዝ ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ አየር ሲነካው የሚቀጣጠል ነገር ይፈጥራል። ሲሊንደሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የደበዘዘ ጋዝ በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።

ይህ ሁሉ ለአንድ ፍሪጅ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። የአልበርት አንስታይንን ነገር ልንገረው። በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከፍሪጅ በሾለከ መርዛማ ጋዝ ተኝተው እንደሞቱ አንስታይን ጋዜጣ ላይ አንብቦ እጅግ አዘነ ይባላል። ከዚያ ያ ታላቅ የፊዚክስ ሰው ከወጣቱ ባልደረባው ከሊዮ ሲላርድ ጋር ቁጭ ብሎ የማያፈስ ፍሪጅ መንደፍ ጀመረ፤ በ1930 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ተሰጣቸው። የኖቤል ሽልማት የወሰደ ሰው ያልናቀውን ቀዳዳ እኛ የምንንቀው ምን ሆነን ነው? በዚያው ዓመት ቶማስ ሚጅሊ የሚባል ኬሚስት አዲሱን ፍሪዮን በሰው ፊት በአፉ ስቦ በሻማ ላይ ተነፈሰና ሻማዋን አጠፋ፤ አይመርዝም፣ አይነድም ለማለት ነው። እውነቱን ነበር፤ የማያውቀው ኦዞንን ነው። የዚህ ጋዝ መዘዝ የታወቀው በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ ባቀረቡት ጥናት ሲሆን፣ ዓለም በ1987 ሞንትሪያል ላይ እሱን ለመቀነስ ተስማማ፤ በ2016 ደግሞ እዚሁ አፍሪካችን ውስጥ ኪጋሊ ላይ፣ ምድርን የሚያሞቁትን የማቀዝቀዣ ጋዞች ለመቀነስ ተስማማ። አንድ ኪሎ አር-134ኤ አየር ላይ መልቀቅ 1,400 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ መልቀቅ ነው። ያ ጭማቂ ቤት ውስጥ የነበረው ልጅ የቀረችውን ጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ሲሰበስብ የዓለምን ስምምነት እየፈጸመ ነበር። (የምትሰበስቡበትን ሲሊንደር ከ80 በመቶ በላይ አትሙሉት፤ ፈሳሹ ሲሞቅ መስፊያ ቦታ ይፈልጋል።)

ለባለፍሪጆችም ሁለት ሦስት ነገር ልበል፤ የበረዶ ነገር ያቃጥለኛልና። በረዶ በቢላ አይፈነቀልም! ደህናውን ፍሪጅ ብዙ ጊዜ የሚበሳው የገዛ ባለቤቱ ቢላ ነው። ነቅላችሁ በሩን ክፈቱና ጠብቁት፤ ራሱ ይወርዳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ አትሰኩት፤ ግፊቱ እስኪስተካከል ሞተሩ ለመነሳት ይታገላል። የበሩን ጎማ በብር ኖት ፈትሹት፤ ብሩ በተዘጋው በር መካከል ሲጎተት ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው ደክሟል። ከጀርባ ያለውን አቧራ ጥረጉለት፣ ከግድግዳውም ራቅ አድርጉት።

ተመልሼ ወደ እናንተ ወደ ባለሙያዎቹ። ሥራችሁ የት የት እንደሚገባ አስባችሁት ታውቃላችሁ? ጤና ጣቢያው ያለው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሲሞቅ ይበላሻል፣ አንዳንዱ ደግሞ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። ጽጌረዳችን ከእርሻው ቦሌ፣ ከቦሌ አውሮፓ የሚደርሰው ቀዝቃዛ ክፍል ስላለ ነው። አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ኤሲ ምን ያደርጋል የሚል ሰው የባንክ ሰርቨር ክፍል ገብቶ አያውቅም። ድሬዳዋን፣ ሰመራንና ጋምቤላን መጥራትም አያስፈልገኝም። እነዚህ ቦታዎች ሁሉ ሰው ይፈልጋሉ፤ ከወረቀት ጋር። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናውን «ይቆየኝ» ያላችሁ አሁን ተመዝገቡ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሴክሽን 608 የሚባለውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን ፈተና ታውቁታላችሁ፤ በየክፍሉ 25 ጥያቄ ነው፣ 18 ከመለሳችሁ ታልፋላችሁ፣ አንዴ ካለፋችሁም ፈቃዱ ዕድሜ ልክ ነው። ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ወረቀት ለማግኘት ጥቂት ምሽት ማጥናት ምን ያህል ቢከብድ ነው?

ነገ ደግሞ ከየትኛውም ሥራ በኋላ አንዲት ነገር አድርጉ። የሚለጠፍ ወረቀት ግዙና ፍሪጁ ጀርባ፣ ኮምፕረሰሩ አጠገብ ለጥፉ። የከተታችሁትን የጋዝ ዓይነት፣ ስንት ግራም እንደሆነ፣ ቀዳዳው የተገኘበትን ቦታና ቀኑን ጻፉ። የሚነድ ጋዝ ከሆነ በቀይ አስምሩበት፤ ከእናንተ በኋላ ችቦ ይዞ የሚመጣው ጠጋኝ በሕይወት ወደ ቤቱ እንዲገባ። ስልክ ቁጥራችሁን ደግሞ በትልቁ ጻፉት፤ ይደወልላችኋል።